የቡሬ ጭቃ

መንበሩ ታከለ መኪና መንዳት አይችልም። ይህ በፍኖተ ሰላም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ጋራዥ ከጠዋት እስከ ማታ ባጃጅ ሲቀባ የሚውል ሰው፣ ቀብቶ የጨረሰውን ባጃጅ ከግቢው በር እንኳ አያወጣም፤ «ባለቤቱ ይምጣና ያውጣ» ይላል። ባለጋሪዎቹ ሳይቀሩ ይቀልዱበታል። «መንበሩ፣ ፈረሱንስ ትይዝልናለህ ወይስ እሱንም ቀብተህ ነው የምትመልስልን?» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ምን ያድርግ። የጥፍሩ ዙሪያ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። የባጃጅ ቀለም ነው፤ በቲነር ቢታሽም አይለቅም፣ በሰርጉ ቀንም አለቀቀም።

ሰርጉን ካነሣን ዘንድ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

አባቱ አቶ ታከለ ሹፌር ነበሩ። ሹፌር ስላችሁ ደግሞ እንደ ዛሬው መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ከትቶ ሰው የሚያስጨርሰውን ዓይነት አይደለም። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሠራተኞቹ ሲኞር የሚሉት ይህ ጣሊያን ለውድድር ያዘጋጃት አንዲት ፊያት ነበረችው። የሚነዳት ሰው በውድድሩ ዋዜማ ታመመና መሪው ለታከለ ደረሰ። ውድድሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አድርጎ፣ ቡሬን አልፎ ባሕር ዳር የሚገባ ነበር። ወሩ ሰኔ፣ መንገዱ ጭቃ። ታከለ ሦስተኛ ሆነው እየበረሩ የትውልድ አገራቸው ቡሬ ሲገቡ ሕዝቡ መንገድ ዘግቶ «ልጃችንን ሳንስም አይሄድም» አለ። አቀፏቸው፣ ሳሟቸው፣ መኪናዋን ሳይቀር አቀፏት። ፎቶ አንሺ ተጠርቶ መጣ። እስኪለቋቸው ድረስ ከኋላ የነበሩት ሁሉ አልፈዋቸው ሄዱ። የቡሬ ሰው ፍቅሩ እንዲህ ነው፤ ሲወድህ ያስቀርሃል።

ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ። ጋራዡ ተወረሰ፣ ጣሊያኑ አገሩ ገባ፣ መኪናዋ የት እንደ ደረሰች የሚያውቅ ጠፋ። ታከለ ቡሬ ተመልሰው በጭነት መኪና የሰው እህል ሲያመላልሱ የሥራ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ስለዚያች ፊያት ለልጆቻቸው አንድ ቀን አውርተው አያውቁም፤ ፎቶዋንም ከሣጥን ሥር ቀብረው ኖሩ። ከጣሊያኑ ጋራዥ ይዘው የመጡት አንድ ነገር የመኪና ንጽሕና ነበር። ከመንገድ ሲገቡ ጭነት መኪናውን አጥበው ሳይጨርሱ የራሳቸውን እግር አይታጠቡም፣ እህልም አይቀምሱም። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «እኔን ሳይሆን እሱን ነው ያገባው» እያሉ ለጎረቤት ያሙዋቸው ነበር።

መንበሩን ለመሪ ነበር ያሰቡት። ጎረምሳ ሳለ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ከመሪው ኋላ አስቀመጡት። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ፍሬን መስሎት ነዳጅ ረገጠና መኪናውን ከነአባቱ ቦይ ውስጥ ከተተው። ማንም አልተጎዳም። አቶ ታከለ አልጮኹበትም። ሰው ጠርተው መኪናውን አስወጡ፣ ውኃ አስቀዱ፣ ጭቃውን ሲያጥቡ አመሹ። በኋላ ጨርቁን እየጨመቁ «መሪ የያዝህ ዕለት እመርቅሃለሁ» አሉት።

እንደ ቀልድ ነበር የሰማው። በታላቅ እኅቱ በያይኔአበባ ሰርግ አቶ ታከለ እንትፍ እንትፍ እያሉ፣ እንባቸው እስኪወርድ መረቁ። የሱ ተራ ደረሰ። ሽማግሎቹ ሊመርቁ ከመቀመጫቸው ሲነሡ አቶ ታከለ እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ፤ አባት እያለ ሌላ ሰው ቀድሞ አይመርቅም» አሉ። ልክ ናቸው ተብሎ ተጠበቁ። እሳቸው ግን አልመረቁም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ። ዳሱ ሙሉ ሰው ሳህኑን እያየ ዝም አለ። ሙሽራይቱ አምለሰት ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ሁለት ጊዜ ፅንስ ሲወርድባት ሐኪሙ የነገራትን አልሰማችም፤ «ያልተመረቀ ቤት ነው፤ ምን ይበቅልበታል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መንበሩም ከሐኪሙ ይልቅ እሷን አመነ።

ሄዶ መንዳት ቢማር ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። ሞክሯል እኮ። መሪ ሲጨብጥ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይርገፈገፋል፣ ያ ቦይ ፊቱ ይመጣል። በየዓመት በዓሉ ቡሬ ሄዶ የአባቱን ጉልበት ይስማል። «መሪ ያዝህ?» ይሉታል። «አልያዝሁም።» «እንግዲያ ቆይ» ይሉታል፤ ሌላ ነገር የለም። እሱ ይቆያል። አባቱ ስሙን ጠርተው፣ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጭነው እንዲመርቁት እንጂ ከዚህ ዓለም ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም። ደግሞ ምን ቸገረኝ፣ አባባ ገና ብርቱ ናቸው፣ አንድ ቀን ልባቸው ይራራል ይል ነበር።

ከዚያ አቶ ታከለ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ሰውን ራሱን። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራቸው የምትኖረውን ያይኔአበባን እናታቸው አድርገው «እማዬ» ይሏታል። መንበሩን ምንም አላደረጉትም። እንደ መንገደኛ «ከየት መጣህ ልጄ?» ይሉታል፤ መልሱን ሳይሰሙ ይተዉታል። ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ ግራ ገብቷቸው እግራቸውን ይሰበስባሉ። «መሪ ያዝህ?» የምትለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሻት የኖረው ጥያቄ፣ እሷው ራሷ ናፈቀችው።

አንድ ቀን ያይኔአበባ ደወለች። ልብስ ልታናፍስ ሣጥን ስትከፍት ያን የፊያቷን ፎቶ አግኝታ ለአባቷ አሳይታቸዋለች። «ስንት ሳምንት ቃል ያልወጣቸው ሰውዬ 'ሃያ ሰባት ናት' አሉኝ እኮ» አለችው። «ደግሞ እጃቸውን እንዲህ አደረጉ፤ መሪ እንደሚይዝ ሰው።» ሃያ ሰባት በመኪናዋ በር ላይ የተጻፈው የውድድር ቁጥር ነበር። ፎቶውን በሰው እጅ ላከችለት። መንበሩ ያን ቀን የጀመረውን ባጃጅ ሳይጨርስ ቤቱ ገባ። ወረቀቷ እንዲህ ካስደረገቻቸው መኪናዋ ራሷ ብትመጣስ ብሎ አሰበ። መኪናዋን ካወቋት ያመጣላቸውን ልጅ ማወቃቸው አይቀርም ብሎ አሰበ።

ኔት በነበረ ጊዜ ፈረንጆች ትንንሽ የውድድር መኪና ሲሠሩ በስልኩ አይቶ ያውቃል። የገረመው መሥራታቸው አልነበረም፤ እሱም በልጅነቱ ከቆርቆሮ ሠርቷል። የገረመው ሠርተው፣ ቀብተው፣ አብለጭልጨው ሲያበቁ ተመልሰው ማቆሸሻቸው ነው። ጭቃ ይረጩባታል፣ ጥቀርሻ ይቀቧታል፣ ቀለሟን እየመረጡ ይሸርፉታል፤ ብዙ መንገድ የሄደች እስክትመስል። አሁን ኔቱ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ዓይኑ ያየውን ግን አልረሳም።

ከዘይት ቆርቆሮ ላሜራ ቆርጦ ከእውነተኛዋ አሥር እጥፍ ያነሰች ፊያት ሠራ። ኮፋኖዋ ይከፈታል፤ ውስጡ ሞተር አለ፣ ከሽቦና ከብሎን ጭንቅላት የተገጣጠመ። ጎማዎቿን ከተቀደደ የባጃጅ ካላማዳሪ ቆርጦ፣ ብዙ የሮጡ እንዲመስሉ ጠርዝ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቃቸው። መስታወቶቿን ከውኃ ፕላስቲክ አወጣ። ከሁሉ የደከመባት ግን መሪዋ ናት። ከመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ፣ ጥቁር ክር ጠቅልሎ፣ በሁለት ጣት ሲይዟት የፊት ጎማዎቹን እንድታዞር አደረጋት። እሷን ሲይዝ እጁ አልተንቀጠቀጠም። «አባባ፣ ይኸው መሪ ያዝሁ» እያለ ብቻውን ተለማመደ።

ቀለሟ ላይ ሲደርስ ተቸገረ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ በዚያ ላይ መኪናዋ እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሳለች። ያይኔአበባ የቡሬን ሽማግሎች ጠየቀችለት። አንዱ ነጭ አሉ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ «ቡኒ ናት፤ በዚህ ዓይኔ አይቻታለሁ» ብለው ሊምሉ ደረሱ። ያዩት ጭቃውን ነው፤ ምን ይፈረድባቸዋል። አባቱ ራሳቸው ሲጠየቁ ዝም አሉ። በመጨረሻ መንበሩ ቀይ ገዛ። በስልኩ ያያቸው የውድድር መኪኖች አብዛኞቹ ቀይ ነበሩ።

«ጋራዡ ሙሉ ሰማያዊ ቀለም እያለልህ?» አለችው አምለሰት።

«ባጃጅ ናት እንዴ?» ብሎ ተቆጣት። ደግሞም ጭቃው ይሸፍነዋል፤ እርግጠኛ የሆነበት ነገር ጭቃው ብቻ ነው።

ጭቃውን ታዲያ የቡሬ አደረገው። መኪናዋ ፎቶ ከተነሣችበት ቁልቁለት ላይ ያይኔአበባ አፈር ዝቃ በፌስታል ላከችለት። በወንፊት ነፋው፤ ከውኃና ከጥቂት ኮላ ለወሰው። ከጎማዎቹ ኋላ በብሩሽ እየደራረበ አወፈረው፤ ጎኗ ላይ የጥርስ ብሩሽ እያስፈነጠረ ረጨው፤ ጣሪያዋ ላይ ደረቅ አፈር ብቻ በጥጥ ነሰነሰ። የከሰል ዱቄት በጭስ መውጫዋ ዙሪያ ቀባ። በበሯ እጀታ ዘንድ፣ የሰው እጅ የሚያዘወትርበት ቦታ፣ ጭቃውን አሳሳው። ፎቶውን በአጉሊ መነጽር ሲያይ ኮፋኖዋ ላይ የጣት ምልክት አየ፤ ያቀፏት የቡሬ ሰዎች ጣት ነው። በክብሪት እንጨት ጫፍ እያንዳንዱን ጣት አወጣው። ሲያበቃ እንዳይለቅ ላዩ ላይ ቫርኒሽ መርጨት ነበረበት፤ ግን ቫርኒሽ ያብለጨልጫል፣ ጭቃ ደግሞ አያብለጨልጭም ብሎ ተወው።

አምለሰት በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። «ሰው ንጹሑን ነገር በገዛ እጁ ያቆሽሻል?»

«እንዲህ ነበረች።»

«አባባ እንዲህ አድርገው ያሳድሯት ነበር?»

መንበሩ ብሩሹን መልሶ ጭቃው ውስጥ ነከረ። ያን የጨርቅ መጭመቅ፣ ያን ሳያጥቡ እህል አለመቅመስ ከማንም ይልቅ እሱ ያውቃል። ያውቃል፤ ግን ሥራው ይዞት አላሰበውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ያን ጥያቄዋን አስታውሶ ራሱን ረግሟል።

መኪናዋ ካለቀች በኋላ መንገዱ ተዘግቶ ከረመ። ለወትሮው ቡሬ ማለት ሚኒባስ ውስጥ አንድ እንቅልፍ የማይሞላ መንገድ ነው። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲባል ያይኔአበባ እንደምንም መስመር አግኝታ ደወለች። «እህል እምቢ ብለዋል። ብትመጣ ይሻላል» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። መንገዱ በተከፈተ ጠዋት አምለሰት መኪናዋን በብስኩት ካርቶን ውስጥ በገለባ ደግፋ አስቀመጠችለት። ከዚያ በፊት ነክታት አታውቅም ነበር። «ሲመርቁህ የኔንም ስም አስጠራልኝ» አለችው።

መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሚኒባሱን አስቁመው ሁሉንም አስወረዱ። ካርቶኑን ክፈት ተባለ፤ ከፈተ። አንደኛው በመሣሪያው አፍ ገለባውን ገለጥ አድርጎ አየና ፊቱ ፈታ አለ።

«አንተ ነህ የሠራሃት?»

«አዎ።»

«እውነተኛውንስ ትነዳለህ?»

«አልችልም።»

ሰውየው ሳቀ። «በል ግባ» አለው። ከሚኒባሱ ሰው ግን የሳቀ አልነበረም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አቶ ታከለ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አጠገባቸው የተሰጣ በቆሎ፣ ከኋላቸው ግድግዳ። ጋቢው ውስጥ የቀረ ሰው ያለ አይመስልም። መንበሩ ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ከየት መጣህ ልጄ?»

«ከፍኖተ ሰላም አባባ።»

ዓይናቸው ወደ በቆሎው ዞረ። መንበሩ ካርቶኑን ከፍቶ መኪናዋን አግዳሚው ላይ፣ እጃቸው አጠገብ አስቀመጣት። ያይኔአበባ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ከቤቱ በር ላይ ቆመች።

አቶ ታከለ አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እጃቸው ከጋቢው ወጣና ኮፋኖዋ ላይ አረፈ።

«ሃያ ሰባት» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ሦስተኛ ነበርሁ። ቡሬዎች ናቸው የያዙኝ።» ድምፃቸው የጥንቱ ድምፃቸው ነበር። «ዓባይን ስወርድ አንድ ጊዜ ፍሬን አልነካሁም። ሲኞር 'እብድ ነህ' አለኝ። ማርሽ ሦስተኛዋ ትንሽ ታስቸግራለች፤ ጠንከር አድርገህ መግፋት ነው።» ኮፋኖዋን ከፍተው ሞተሯን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ያይኔአበባ በሩ ላይ ማልቀስ ጀመረች። መንበሩ ጎንበስ አለ። በመስኮቷ ሁለት ጣቱን አስገብቶ መሪዋን ያዘ፤ የፊት ጎማዎቹ ወደ ቀኝ ዞሩ።

«አባባ፣ ይኸው መሪ ያዝሁ።»

አቶ ታከለ ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«አንተ ነህ እንዲህ ያሳደርሃት?»

«እ?»

«ጭቃ እንደ ለበሰች ታሳድራታለህ? ሲኞር ቢያይህ ምን ሊልህ ነው? ሥራህ ማጠብ አይደለም እንዴ? ምን ጉድ ነው ይሄ። ውኃ አምጣ።»

ያይኔአበባ ቀረብ ብላ «ተው፤ እኔ አረሳሳቸዋለሁ። ስንት የለፋህባት» አለችው በሹክሹክታ። እሱም ኮፋኖው ላይ ያሉትን ጣቶች አየ፤ በክብሪት እንጨት አንድ በአንድ ያወጣቸውን። ግን እኮ ውኃ አምጣ ያሉት አባቱ ናቸው። እንደ መንገደኛ ብቻ ሲያዩት ስንት ጊዜ ሆነው፤ ዛሬ ተቆጡት፣ አዘዙት። ሄዶ በሳፋ ውኃና ቁራጭ ጨርቅ አመጣ።

አቶ ታከለ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ከላይ ወደ ታች ነው የሚታጠበው። ከታች ከጀመርህ ቆሻሻውን መልሰህ ታወርድበታለህ።» ጨርቁን ነክረው ጨመቁ፤ ያችው የጥንቷ አጨማመቅ። ጣሪያዋን እሳቸው፣ የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎዎቿን እሱ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አጠቡ። የኮፋኖዋ ጣቶች ቀድመው ሄዱ፤ ከዚያ ከጎማዎቹ ኋላ ደራርቦ ያወፈረው፣ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ የረጨው። የሳፋው ውኃ የቡሬ መንገድ መሰለ። የወራት ድካሙ እየሟሟ ሲፈስ እያየ፣ እውነቱን ለመናገር መንበሩ ደስ ብሎት ነበር። ከአባቱ ጋር አንድ ሥራ ይዞ አያውቅም። «እንዲህ ነው፤ አየህ አይደል» ሲሉት «አየሁ» ይላል፤ ሳያልቅ ቢቀር ይመኝ ነበር።

ከጭቃው ሥር ቀዩ ወጣ። የአቶ ታከለ እጅ ቆመ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

በጨርቁ አሹት። አልለቀቀም። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው አሹት፤ ቀዩ የባሰ አበራ።

«የኔ እኮ ሰማያዊ ናት» አሉ። የመንበሩን እርጥብ እጅ ያዙና ጥፍሩን አሳዩት። «ይህን የመሰለ ሰማያዊ። ልክ ይህን።»

መንበሩ ጥፍሩን አየ። ዕድሜ ልኩን ከሱ ጋር ሲበላና ሲተኛ የኖረ ቀለም ነው።

«መኪናዬን የት አደረስሃት?»

«አባባ፣ ቀለሟን አላወቅሁም ነበር። እርስዎን ጠየቅን፣ ዝም አሉን። እኔ እኮ መንበሩ ነኝ።»

«መንበሩ?» አሉ፤ ቁጣቸው በረድ አለ፣ ፈገግም አሉ። «መንበሩማ ልጄ ነው። አንተ ታውቀዋለህ? መሪ ይፈራል እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም። አጉል ቃል ተናገርሁና በዚያ ምክንያት ይሄው እሱም እንደ ራቀ፣ እኔም እንደ ጨነቀኝ አለሁ። ይያዝም አይያዝም፣ ሲመጣ እመርቀዋለሁ። አዘጋጅቼ ነው ያስቀመጥሁለት።»

መንበሩ መሬት ላይ ተንበረከከ። «መጥቷል አባባ። ይኸው መጥቷል፤ ይመርቁት።»

አቶ ታከለ ከጭንቅላቱ በላይ ወደ ግቢው በር አዩ። እጃቸውን ለፀሐዩ ዓይናቸው ላይ ጋርደው ፈለጉ። «የታል?» አሉ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ እጃቸው ወረደ፣ ከእጃቸው ጋር ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደ። ያይኔአበባ አወቀችው፤ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። «በቃ፣ ሄዱ» አለች ቀስ ብላ።

አቶ ታከለ መኪናዋን አነሡና አገላብጠው አዩዋት። አሁን ዓይናቸው የሚያየው ቀይ ቆርቆሮ ነው።

«ያምራል። የልጆችህ መጫወቻ ነው?»

«ልጅ የለኝም አባባ።»

«ይሰጥሃል፤ አይዞህ።»

መንበሩ ያቺን ቃል ያዛት። እንደ መንገደኛም ይሁን፣ እንደ ጋራዥ አጣቢም ይሁን፣ ከዚህ አፍ ይውጣ እንጂ ግድ የለውም። ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ ደፋ፤ በዚህ ጊዜ እግራቸውን አልሰበሰቡም። «እንግዲያ ይመርቁኝ» አለ።

እጃቸው ከጋቢው ሲወጣ ተሰማው። ጠጉሩን ሊነካው ሲል ቆመ።

«አባት አለህ?»

«አለኝ።»

«መርቆሃል?»

መዋሸት ይችል ነበር። አልሆነለትም። «ገና ነው» አለ።

እጃቸው ወደ ጋቢው ተመለሰ። «እንዲያ ከሆነ አይሆንም ልጄ። አባት እያለ ሌላ ሰው ቀድሞ አይመርቅም። አባትህ ማን ይባላል?»

«ታከለ።»

«ታከለ» አሉ፤ ሊያስታውሱ ደከሙ። «አላውቀውም። ሽማግሌ ነው?»

«ሽማግሌ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ? ሂድና ጉልበቱን ሳም። ቶሎ ድረስበት፤ ሰው እንዲህ ነው፣ ዛሬ አለ ስትለው ነገ ታጣዋለህ። አባትህ ይሄኔ ደጅ ደጁን እያየ ነው።»

«እሺ አባባ» አለ መንበሩ።

ቀና አለና አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያይኔአበባ ሳፋውን አንሥታ የጭቃውን ውኃ ከአጥሩ ሥር ደፋችው። መኪናዋ አግዳሚው ላይ ፀሐይ እየመታት ደረቀች፤ ንጹሕ፣ ቀይ። አቶ ታከለ ዓይናቸውን ጨፍነው አንቀላፉ። ሲነቁ ከጎናቸው የተቀመጠውን ሰው አዩትና ቅር አላቸው።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «አሁንም አልሄድህም?»